ለቁልፎች ተራ እንጻፍላቸው



በኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ አንድ አነጋገር በጣም የተለመደ ሆኗል። ይኸውም «ሞከርኩት፤ ሠራ» የሚለው ነው። አንድ ተማሪ የተሰጠውን የፕሮግራም ሥራ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ትክክል መሆኑን በምን አወቅህ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነው። ለብዙ ዐይነት ሥራ ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ቁጥር የሚደምር ፕሮግራም ዛሬ ሁለትና ሦስትን ደምሮ አምስት ካለ ነገም አምስት ይላል። ነገር ግን ብዙ ፕሮሰሶች በአንድ ጊዜ የሚገቡበትና የሚወጡበት ኮድ ሲሆን፥ ይልቁንም የኦፐሬቲንግ ሲስተም የፋይል ሲስተም ክፍል ሲሆን፥ «ሞከርኩት፤ ሠራ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። አሳቤን ባጭሩ ልግለጽ። የቁልፎቹ ተራ አስቀድሞ በጽሑፍ ያልተወሰነለት የፋይል ሲስተም ኮድ ምንም ያህል ጊዜ ቢሠራ ትክክል ነው ሊባል አይገባውም። እኛም ይህን የመጻፍ ልማድ ተማሪዎች ሳለን ካልያዝነው ከምረቃ በኋላ የሚያስይዘን የለም።

ጉዳዩ ለሁሉም አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ከመሠረቱ ልነሣ። ፋይል ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩ መዝገብ ቤት ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ዳይሬክተሪ ውስጥ እንዳለ፥ ፋይሉ በዲስኩ ላይ የትኞቹን ብሎኮች እንደያዘ፥ ያልተያዙት ብሎኮችም የትኞቹ እንደሆኑ የሚመዘግበው እርሱ ነው። እንበልና በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሁለት ጸሐፊዎች አሉ፤ የገቢ ደብዳቤ መመዝገቢያው ግን አንድ ነው። አንደኛው ጸሐፊ የመጨረሻውን ቁጥር ሲያይ 120 ነው። ሁለተኛውም በዚያው ቅጽበት ሲያይ 120 ነው። ሁለቱም በየያዙት ደብዳቤ ላይ 121 ብለው ይጽፋሉ። ሁለቱም ሰነፎች አይደሉም፤ ሁለቱም ያዩት እውነት ነበረ። ነገር ግን ካዩ በኋላ እስኪጽፉ ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ እውነቱ ተለወጠባቸው።

በእንግሊዝኛው አጠራር ሬስ ኮንዲሽን የሚባለው ነገር ይህ ነው፤ እኔ ሽሚያ ብዬ እጠራዋለሁ። በፋይል ሲስተም ውስጥ እንዲህ ይሆናል። ሁለት ፕሮሰሶች ባዶ ብሎክ ይፈልጋሉ። ሁለቱም የብሎኮቹን መዝገብ አንብበው አንዱን ብሎክ ባዶ ሆኖ ያገኙታል፤ ሁለቱም የእኔ ነው ብለው ይይዙታል። ከዚያ በኋላ አንድ ብሎክ የሁለት ፋይሎች አካል ሆነ ማለት ነው። አንደኛው የጻፈውን ሁለተኛው ይደመስሰዋል። የሚጮህ የለም፤ የስሕተት መልእክት የለም። የመመረቂያ ጽሑፉን ያስቀመጠው ተማሪ ወይም የበሽተኛውን መዝገብ ያስቀመጠው ሐኪም ጥፋቱን የሚያውቀው ፋይሉን በከፈተበት ቀን ነው፤ ይህም ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ለሽሚያ የታወቀው መድኀኒት ቁልፍ ነው። መዝገቡን ለማየትና ለመጻፍ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ይያዝ፤ ሥራውን ሲጨርስ ይልቀቅ፤ ሌላው እስከዚያ ይጠብቅ። ኤድስገር ዳይክስትራ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ብዙ ሠራተኞች ባሉበት ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ወደ ወሳኙ ክፍል እንዲገባ የሚያደርግ መፍትሔ አቅርቦ ነበር። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ቁልፉ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሲሆን መድኀኒቱ ራሱ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

«ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ዳይሬክተሪዎች አሉ እንበል። አንድ ፕሮሰስ ፋይል ከ«ሀ» ወደ «ለ» ያዛውራል፤ ሌላው ፕሮሰስ በዚያው ጊዜ ሌላ ፋይል ከ«ለ» ወደ «ሀ» ያዛውራል። የጻፍነው ኮድ «መጀመሪያ የመነሻውን ዳይሬክተሪ ቁልፍ ያዝ፤ ቀጥሎ የመድረሻውን ያዝ» ይላል። ሲያነቡት ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን የመጀመሪያው ፕሮሰስ የ«ሀ»ን ቁልፍ ይዞ የ«ለ»ን ይጠብቃል፤ ሁለተኛውም የ«ለ»ን ይዞ የ«ሀ»ን ይጠብቃል። አንዳቸውም የያዙትን አይለቁም፤ አንዳቸውም የሚፈልጉትን አያገኙም። ከዚያ በኋላ ወደ «ሀ» ወይም ወደ «ለ» የሚመጣ ሁሉ ከኋላቸው ይሰለፋል። ማሽኑ አልሞተም፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀስ የለም። ዴድሎክ የሚባለው ይህ ነው።

ኮፍማን፥ ኤልፊክና ሾሻኒ በ1971 ባወጡት ጽሑፍ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች በአንድነት መገኘት እንዳለባቸው አስረድተዋል። እነዚህም፦ ንብረቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው ብቻ የሚያዝ መሆኑ፥ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ መኖሩ፥ የተያዘውን በግድ ማስለቀቅ አለመቻሉ፥ በመጨረሻም ጠባቂዎቹ ክብ ሠርተው እርስ በርስ መጠባበቃቸው ናቸው። ከአራቱ አንዱን ያፈረሰ ዴድሎክን አፈረሰ። በፋይል ሲስተም ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማፍረስ አስቸጋሪ ነው። ቁልፉን ለሁለት ብንሰጥ ሽሚያው ይመለሳል። በግድ ብናስለቅቅ በግማሽ የተጻፈ ዳይሬክተሪ ይቀርልናል። የሚያስፈልጉትን ቁልፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ብንሞክር ደግሞ የትኞቹ እንደሚያስፈልጉ የሚታወቀው መንገዱን እያነበብን ስንሄድ ነው። እንግዲህ የቀረን አራተኛው ነው። ለቁልፎቹ ሁሉ ተራ ሰጥተን ማንም ሰው ከተራው ውጭ እንዳይዝ ብናደርግ ክቡ ሊገጥም አይችልም። ይህ በዕድል የሚገኝ ሳይሆን በሒሳብ የሚረጋገጥ ነገር ነው።

የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች የያዙት መንገድ ይኸው ነው። የዳይሬክተሪ ቁልፎች አያያዝ ከኮዱ ጋር አብሮ በሚሄድ ጽሑፍ ተደንግጓል። የበላይ የሆነው ዳይሬክተሪ ቁልፍ ይቀድማል፤ ከበታቹ ያለው ይከተላል። ፋይል ከአንድ ዳይሬክተሪ ወደ ሌላ ሲዛወር ደግሞ ከሁሉ በፊት ለጠቅላላው ፋይል ሲስተም አንድ ብቻ የሆነው የማዛወሪያ ቁልፍ ይያዛል። ዳይሬክተሪ ያልሆኑ ሁለት ፋይሎች በአንድነት መቆለፍ ሲኖርባቸው ተራቸው የሚወሰነው በማስታወሻው ውስጥ ባላቸው አድራሻ ነው። አድራሻው ስለ ፋይሉ ማንነት ምንም አይናገርም። ነገር ግን ሁሉም ሰው አንድ ዐይነት ተራ እንዲከተል ያደርጋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ብቻ ነው።

«ለማዛወር ስለ ምን ጠቅላላ ቁልፍ አስፈለገ? የሁለቱ ዳይሬክተሪዎች ቁልፍ አይበቃምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ሽሚያና ዴድሎክ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ያሳያል። «ሀ» በ«መ» ውስጥ፥ «ለ» በ«ሠ» ውስጥ ይገኛሉ እንበል። አንድ ፕሮሰስ «ሀ»ን አንሥቶ በ«ለ» ውስጥ ሊያስቀምጥ ይፈልጋል። ሌላው በዚያው ጊዜ «ለ»ን አንሥቶ በ«ሀ» ውስጥ ሊያስቀምጥ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የ«መ»ን እና የ«ለ»ን ቁልፍ ይይዛል፤ ሁለተኛው የ«ሠ»ን እና የ«ሀ»ን ይይዛል። የሚጋሩት ቁልፍ ስለሌለ አንዱ ሌላውን አያስቆመውም። እያንዳንዱ «መድረሻዬ ከማነሣው ዳይሬክተሪ ውስጥ አይደለም» ብሎ ይመረምራል፤ ምርመራውም በዚያ ቅጽበት እውነት ነው። ሁለቱም ያዛውራሉ። መጨረሻው ምን ሆነ? «ሀ» በ«ለ» ውስጥ፥ «ለ»ም በ«ሀ» ውስጥ ሆኑ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ከዛፉ ሥር ተቆረጡ። በውስጣቸው የነበረው ፋይል ሁሉ በዲስኩ ላይ አለ፤ ነገር ግን ወደ እርሱ የሚያደርስ መንገድ የለም። ጠቅላላው ቁልፍ ግን አንደኛው አዛውሮ እስኪጨርስ ሁለተኛውን ያቆየዋል። ሁለተኛው ተራው ደርሶ ሲመረምር መድረሻው ከሚያነሣው ዳይሬክተሪ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል፤ ስሕተት ነው ብሎም ይመለሳል። እንግዲህ ምርመራና ድርጊት በአንድ ቁልፍ ሥር ካልሆኑ ምርመራው ከንቱ ነው።

ይህ የትልልቆቹ ከርነሎች ጣጣ ነው እንጂ የእኛ አይደለም እንዳንል በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማሪያ የሚያገለግለውን የኤምአይቲ ኤክስቪ6 እንመልከት። ይህ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፋይል መንገድ ሲያነብ ከዳይሬክተሪ ወደ ዳይሬክተሪ እየተራመደ ይሄዳል። ጥንቃቄ የሚወድ ተማሪ «የሚቀጥለውን ቁልፍ ሳልይዝ ያለሁበትን አልለቅም» ሊል ይችላል። ነገር ግን በመንገዱ ውስጥ «ይኸው ያለሁበት ዳይሬክተሪ» የሚል ትርጉም ያላት ነጥብ ብትገኝ የሚቀጥለውና ያለንበት አንድ ናቸው። ፕሮሰሱ ራሱ የያዘውን ቁልፍ ራሱ ሊጠብቅ ነው። ለዴድሎክ ሁለት ሰዎች እንኳ አላስፈለጉም! ስለዚህ ኤክስቪ6 የሚቀጥለውን ከመቆለፉ በፊት ያለበትን ይለቃል። ታዲያ ለቆ እስኪይዝ ድረስ ሌላው ዳይሬክተሪውን ቢያጠፋውስ? ለዚህም መልስ አለው። የሚቀጥለውን ገና ሲያገኘው ሳይቆልፈው «እኔ ፈልጌዋለሁ» የሚል ቁጥር ይጨምርለታል፤ ያ ቁጥር ዜሮ እስካልሆነ ድረስ አይኖዱ ለሌላ ፋይል አይሰጥም። መያዝና መቆለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደረጉ። መያዙ ሽሚያን ይከለክላል፤ አለመቆለፉ ዴድሎክን ይከለክላል። ይህን የጻፉ ሰዎች ሞክረው አልደረሱበትም፤ አስበው ነው እንጂ።

አሁን ወደ «ሞከርኩት፤ ሠራ» ልመለስ። ለምሳሌ ያህል አንድ ስሕተት ከሚሊዮን የማዛወር ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከሠት ነው እንበል። ተማሪው ለሙከራ 1,000 ጊዜ ቢያዛውር ስሕተቱን የማየት ዕድሉ ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ረክቶ ያስረክባል፤ መምህሩም ያንኑ ሙከራ ደግመው ሙሉ ማርክ ይሰጡታል። ይኸው ኮድ በሰኮንድ 1,000 ጊዜ በሚያዛውር ትልቅ ሰርቨር ላይ ቢጫን ግን ስሕተቱ በአማካይ በየ17 ደቂቃው አንድ ጊዜ ይመጣል። ስሕተቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሠራበት ቦታ ነው። እንግዲህ ሙከራው የመሰከረው ስለ ኮዱ ትክክለኛነት ሳይሆን ስለ ተማሪው ዕድለኛነት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሒሳብ አይደለም። በ2016 በሊኑክስ የማስታወሻ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ደርቲ ካው የተባለ ሽሚያ ተገለጠ። ለማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ ሊነካው የማይገባውን ፋይል እንዲለውጥ የሚያደርግ ስሕተት ነበር፤ በዚያም መንገድ የማሽኑ አለቃ ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ስሕተት በ2007 ከወጣው 2.6.22 እትም ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል በከርነሉ ውስጥ ኖሯል። ይህን ያህል ዘመን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ማሽኖች ሲሠሩበት ኖረዋል። ዓለም በሙሉ «ሞከርኩት፤ ሠራ» ሲል ኖሮ ካላገኘው፥ በአንድ ሌሊት የላብራቶሪ ሙከራ እኔ አገኘዋለሁ የሚል ማን ነው?

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሲነሡ እሰማለሁ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ለጠቅላላው ሥራ አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ቢኖር ተራ መጻፍ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለው፤ እኔም አልንቀውም። ለጀማሪ ሥራ አንድ ትልቅ ቁልፍ ከብዙ ያልታሰበባቸው ትንንሽ ቁልፎች ይሻላል። ሊኑክስም ራሱ በ1996 በ2.0 እትሙ በአንድ ትልቅ የከርነል ቁልፍ ነው የጀመረው። ነገር ግን ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ሁሉም በአንድ በር ሲሰለፍ ትርፉ መጠበቅ ሆነ። ያን ቁልፍ ፈጽሞ ለማስወገድ እስከ 2011 ድረስ 15 ዓመት ፈጀ። ይህን ያህል የፈጀው ምን በእርሱ ሥር እንደሚጠበቅ በየቦታው ስላልተጻፈ ጭምር ነው። ስለዚህ ቁልፉ አንድም ቢሆን የሚጠብቀው ነገር መጻፉ አይቀርም።

ሁለተኛው «ስሕተቱን የሚያገኝ መሣሪያ አለ» የሚለው ነው። አዎን፤ በሊኑክስ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ ኢንጎ ሞልናር የሠራው ሎክዴፕ አለ። ቁልፎች በምን ተራ እንደተያዙ እየመዘገበ ሁለት የሚቃረኑ ተራዎች ሲያገኝ ዴድሎኩ ገና ሳይደርስ ያስጠነቅቃል። ድንቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የሚያየው ኮዱ የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ወይም ንባቡ ሲከሽፍ ብቻ የሚኬድበትን ጠባብ መንገድ ካልሄድንበት አያየውም። መሣሪያው የተጻፈውን ሕግ የሚያስከብር ዘበኛ ይሁን እንጂ ሕግ አውጪ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው «ቁልፉን ካጣሁ የያዝሁትን ለቅቄ እንደገና እሞክራለሁ» የሚለው ነው። ይህም ተራ መስጠት በማይቻልበት ቦታ የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን ለቅቆ የተመለሰ ሰው ያየውን ሁሉ እንደገና ማየት አለበት። ፋይሉ ጠፍቶ፥ ስሙ ተለውጦ፥ ዳይሬክተሪው ባዶ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ከዴድሎክ ሸሽተን ሽሚያ ውስጥ እንገባለን።

ከዚህም በላይ በኮዱ ገጽ ላይ የማይታዩ ቁልፎች አሉ። የፋይል ሲስተም ኮድ ቁልፍ ይዞ ሳለ ጥቂት ማስታወሻ እንዲሰጠው ከርነሉን ቢጠይቅ፥ ማስታወሻም ባይኖር፥ ከርነሉ ቦታ ለማስለቀቅ ወደ ፋይል ሲስተሙ ተመልሶ «ያልተጻፈውን ጻፍልኝ» ሊለው ይችላል። ፋይል ሲስተሙም ለመጻፍ ያንኑ የያዘውን ቁልፍ ይፈልጋል። በሊኑክስ ለዚህ ሲባል «ወደ ፋይል ሲስተም ሳትመለስ ማስታወሻ ስጠኝ» የሚል ልዩ የአጠያየቅ ምልክት አለ። ይህን ማንም ሰው በላብራቶሪ ሙከራ አያገኘውም፤ ማስታወሻ በሚያጥርበት ቀን ብቻ የሚመጣ ነውና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነቅፎ ብቻ መተው የተማሪ ወግ አይደለምና አራት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቁልፍ ያለበት ማንኛውም ኮድ ስናስረክብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቁልፎቹን ተራ በቁጥር እንጻፍ። ከአምስት መስመር አይበልጥም። ተራውን መጻፍ ካቃተን ኮዱ ገና አልተረዳንም ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ በጋራ የምንጠቀምበት እያንዳንዱ መዝገብ በየትኛው ቁልፍ እንደሚጠበቅ ከጎኑ እንጻፍ። ስም ያልተሰጠው ጠባቂ ጠባቂ አይደለም።

ሦስተኛ፤ «ካለ፥ እንዲህ አድርግ» የሚል ቃል በጻፍን ቁጥር በ«ካለ» እና በ«አድርግ» መካከል ማን ሊገባ እንደሚችል እንጠይቅ። ተጠቃሚ ፕሮግራም ስንጽፍም ያው ነው። ፋይሉ አለመኖሩን አይቶ ቀጥሎ ከመፍጠር ይልቅ «ከሌለ ብቻ ፍጠር፤ ካለ እንቢ በል» የሚለውን አንድ ጥሪ ለከርነሉ መስጠት ይሻላል።

አራተኛ፤ በየጥናት ቡድናችን ኮዳችንን እንለዋወጥ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይዞ ክፉ ተራ አስከባሪ ይሁንበት። ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንዱን ፕሮሰስ በጣም በማይመች ቦታ ያቁመው፤ ሌላውን ያሳልፈው። በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚህ መንገድ የሚገኘው ስሕተት በአንድ ሳምንት ሙከራ ላይገኝ ይችላል። መምህሮቻችንንም በአክብሮት የምንለምነው ነገር አለ። ማርኩን ሁሉ ሙከራውን ላለፈው ኮድ ከመስጠት ከፊሉን ለተጻፈው ተራና ለማስረጃው ቢያደርጉት ተማሪው ሁሉ ማርኩን ተከትሎ ይመጣል።

«ጊዜ የለንም» የሚል ይኖራል። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ችኮላ ነው። ከእኛ መካከል ነገ የባንክ፥ የሆስፒታል፥ የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያርፍበትን ሲስተም የሚጽፉ ይኖራሉ። የእነዚያ መዝገቦች ባለቤቶች ቁልፍ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሊያውቁም አይገባቸውም። ያስቀመጡትን ነገር ባስቀመጡበት ቦታ ማግኘት ብቻ ነው የሚፈልጉት። ያን ልንሰጣቸው የምንችለው ለምን ትክክል እንደሆነ ልናስረዳ የምንችለውን ኮድ ስንጽፍ ነው። በሚቀጥለው የላብራቶሪ ሥራችን ከመጀመሪያው የኮድ መስመር በፊት የቁልፎቻችንን ተራ እንጻፍ።